የዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት፦ ከቤተ ሙከራ እስከ ሕሙማን ክፍል

1. ምንነቱና ዓላማው

የፋርማሲ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ሦስት ሥራዎችን አጣምሮ የሚሠራ ተቋም ነው፤ ፋርማሲስት ያሠለጥናል፣ በመድኃኒት ላይ ምርምር ያካሂዳል፣ በማስተማሪያ ሆስፒታል ለሕሙማን አገልግሎት ይሰጣል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ አልመጡም። ማስተማሩ ቀደመ፤ ምርምሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተከተለ፤ የሕሙማን አገልግሎቱ ግን በዓለም ደረጃ ቢቆጠር ገና ስድሳ ዓመት ገደማ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ከሁለት አስርት ዓመታት ያነሰ ዕድሜ አለው።

የሦስቱ ትስስር የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ሕሙማንን የማያይ መምህር የሚያስተምረው ከመጽሐፍ ያገኘውን ብቻ ይሆናል። ምርምር የሌለው የሆስፒታል አገልግሎትም የተለመደውን ከመድገም አልፎ ሥራው የሰውን ሕይወት ስለመለወጡ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም። ስለዚህ የተቋሙ ዕድገት የሚታየው በሕንፃና በተማሪ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ቤተ ሙከራው፣ መማሪያ ክፍሉና ሆስፒታሉ እርስ በርስ በተገናኙበት መጠን ነው።

2. ከመድኃኒት ቤት ወደ ትምህርት ቤት

በአውሮፓ የሐኪምና የመድኃኒት ቀማሚ ሥራ በሕግ የተለየው በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሲሲሊ ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ፍሬድሪክ ባወጣው ድንጋጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሙያው የሚተላለፈው ከጌታው ወደ ደቀ መዝሙሩ ነበር። ልጁ በወጣትነቱ መድኃኒት ቤት ይገባል፤ ሥር ይወቅጣል፣ ቅጠል ያፈላል፣ ቅባት ይለውሳል፣ ሚዛን አያያዝ ይማራል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ እሱም በተራው ቀማሚ ይሆናል።

የዚህ ሥርዓት ጉድለት ግልጽ ነበር። የተማሪው ዕውቀት ከጌታው ዕውቀት አያልፍም። አንዱ መድኃኒት ቤት የሚቀምመው ከሌላው አይመሳሰልም። የመድኃኒት ንግድ ሲስፋፋም የተበላሸ፣ የተቀላቀለና አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያው በዛ። ዕቃውን መርምሮ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ፣ በፈተናም ብቃቱ የተረጋገጠ ባለሙያ አስፈለገ። የፋርማሲ ትምህርት ቤትን የወለደው ይህ ፍላጎት ነው።

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1777 የፓሪስ የፋርማሲ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1803 የወጣው ሕግ ደግሞ በፓሪስ፣ በሞንፔልዬና በስትራስቡርግ የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች እንዲኖሩ አደረገ። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ቀማሚዎች በ1821 ተሰብስበው የራሳቸውን ኮሌጅ መሠረቱ። በለንደን የፋርማሲ ማኅበር በ1841 ተቋቁሞ በዓመቱ ትምህርት ቤት ከፈተ። እነዚህ ተቋማት በአብዛኛው በባለሙያ ማኅበራት የተያዙ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ቀን በመድኃኒት ቤት የሚሠራው ወጣት ማታ ማታ ትምህርት ይከታተል ነበር።

በአሜሪካ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ የዞረበት ዋና ምዕራፍ የተከፈተው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ተማሪው አስቀድሞ በመድኃኒት ቤት እንዲሠለጥን አላስገደደም፤ በምትኩ ሙሉ ጊዜውን በቤተ ሙከራ እንዲያሳልፍ አደረገ። የጊዜው ባለሙያዎች ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት፤ የአገሪቱ የፋርማሲ ሙያ ማኅበርም ለዩኒቨርሲቲው ተወካይ በጉባኤው መቀመጫ ነፈገ። ይሁን እንጂ ከጥቂት አስርት ዓመታት በኋላ ሌሎችም በሚሺጋን መንገድ ሄዱ።

3. ምርምር የተቋሙ ሥራ የሆነበት ሂደት

የፋርማሲ ምርምር መነሻው ከዕፅዋት ውስጥ ኃይል ያለውን ንጥረ ነገር ነጥሎ የማውጣት ሥራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ጀርመናዊ የመድኃኒት ቤት ረዳት ከኦፒየም ሞርፊንን ለየ። እ.ኤ.አ. በ1820 የፓሪሶቹ ፔለቲዬና ካቫንቱ ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ኪኒንን አወጡ። ከዚያ በፊት የወባ ሕመምተኛ ጥንካሬው የማይታወቅ የቅርፊት ዱቄት ይወስድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሚዛን የሚለካ መጠን መስጠት ተቻለ።

ይህ ውጤት የትምህርት ቤቱን አደረጃጀት ቀረጸ። ዕፅዋትንና የተፈጥሮ ምንጮችን የሚያጠናው ፋርማኮግኖሲ፣ የመድኃኒትን ኬሚካላዊ ጠባይ የሚመረምረው የፋርማሲ ኬሚስትሪ፣ መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚሠራውን የሚያጠናው ፋርማኮሎጂ የየራሳቸው ክፍል ሆኑ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንክብል፣ ካፕሱል፣ ሲሮፕና መርፌ በፋብሪካ መመረት ሲጀምሩ ፋርማሴውቲክስ ታከለ፤ ጥያቄውም መድኃኒቱ ከእንክብሉ እንዴት እንደሚለቀቅ፣ ምን ያህሉ ደም ውስጥ እንደሚገባና ስንት ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ማወቅ ነበር።

4. ፋብሪካው ያስከተለው ክፍተት

የፋብሪካ ምርት መስፋፋት ለሕዝብ በጎ ቢሆንም ፋርማሲስቱን ከጥንት ሥራው ለየው። ቅመማው ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ ለፋርማሲስቱ የቀረው ማዘዣ ማንበብ፣ ቆጥሮ ማደልና ሂሳብ መያዝ ሆነ። ለዓመታት ኬሚስትሪ የተማረ ሰው የዕለት ሥራው ዕቃ ማስረከብ ሲሆን የትምህርቱና የሥራው ርቀት ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ ፋርማሲስቶች የሥነ ምግባር ደንብ ፋርማሲስቱ ስለታዘዘው መድኃኒት ጥቅምና ይዘት ከሕመምተኛው ጋር እንዳይወያይ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር።

በሌላ በኩል የመድኃኒቶች ብዛትና ኃይል በፍጥነት ጨመረ። አንድ የተኛ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት ዓይነት መድኃኒት መውሰዱ የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ታሊዶሚድ የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ተጋልጦ ከገበያ መውጣት ሲጀምር፣ የመድኃኒት ደኅንነት የመንግሥታት ሁሉ አጀንዳ ሆነ። ሐኪሙ በሥራ ብዛት ተጠምዶ፣ ነርሷም መድኃኒቱን በሰዓቱ ከመስጠት አልፋ የእያንዳንዱን ጠባይ ለማጣራት ፋታ አጥታ ሳለ፣ ስለ መድኃኒት ከሁሉም በላይ የተማረው ባለሙያ ከሕሙማኑ ርቆ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ኋላ ይቀመጥ ነበር።

5. ወደ ሕሙማን ክፍል የተደረገው ጉዞ

ክፍተቱን ለመዝጋት የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የወሰዱት የማስተማሪያ ሆስፒታል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ የመድኃኒት መረጃ ማዕከል ከፈተ። በ1966 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አቋቁሞ ፋርማሲስቶች ቀንና ሌሊት በዚያው እንዲሠሩ አደረገ። የፋርማሲ መምህራንና ተማሪዎች ከሐኪሞች ጋር ሕሙማንን እየዞሩ ማየት ጀመሩ። ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው ዘርፍ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሙከራ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል።

ሥርዓተ ትምህርቱም አብሮ ተለወጠ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 የጀመረው የፋርማሲ ዶክተር ዲግሪ ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በአሜሪካ ወደ ሙያው መግቢያ ብቸኛው ዲግሪ ሆኗል። የሥራውን ዓላማ በአዲስ መልክ ያስቀመጠው ጽሑፍ ደግሞ በ1990 ታተመ። ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉት ምሁራን የፋርማሲስቱ ኃላፊነት መድኃኒቱን ማስረከብ ሳይሆን መድኃኒቱ ለሕመምተኛው ያስገኘው ውጤት መሆኑን ተከራከሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990ዎቹ ባወጣቸው ሰነዶች ፋርማሲስቱን እንደ ሕክምና ሰጪ፣ ውሳኔ ሰጪ፣ አስተማሪና ዕድሜ ልክ ተማሪ አድርጎ ገለጸው።

6. በኢትዮጵያ፦ ምሥረታና መስፋፋት

በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት በዲግሪ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን በዚህ ደረጃ መማር የፈለገ ሰው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። የምሥረታው ዓላማ ከጊዜው ችግር የመነጨ ነበር። አገሪቱ መድኃኒት የሚያስገቡ፣ የሚያከማቹ፣ ጥራቱን የሚቆጣጠሩና በየሆስፒታሉ የሚያድሉ የራሷ ባለሙያዎች ያስፈልጓት ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ ምርቱ ላይ ያተኮረ፣ ኬሚስትሪና ቅመማ የበዛበት ሆኖ ቆየ። የኢትዮጵያ ፋርማሲ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቁሞ በሚያሳትመው የሙያ መጽሔት የመምህራኑ ምርምር መድረክ አገኘ።

የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ብቻውን ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ሲስፋፋ ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉት። ቁጥሩ ሲጨምር ግን የቆየው ጥያቄ ጎልቶ ወጣ፤ የሚመረቀው ፋርማሲስት በሆስፒታል ለሕመምተኛው ምን ያደርግለታል?

መልሱ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ነበር። አራት ዓመት የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ሆነ፤ ትኩረቱ ከምርቱ ወደ ሕመምተኛው ዞረ፤ የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው በሆስፒታል የሚያልፍ የተግባር ልምምድ ሆነ። በዚያው ሰሞን ጅማ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ፋርማሲ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ከፈተ፤ ዓላማውም ተማሪዎቹን በሕሙማን ክፍል የሚያስተምሩ መምህራንን ማፍራት ነበር። ለውጡ በውጭ አገር ለሚኖሩ ባለሙያዎችም ትርጉም ነበረው። የአሜሪካ የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2003 መጀመሪያ ወዲህ በውጭ አገር ከተመረቀ አመልካች ቢያንስ የአምስት ዓመት ትምህርት ስለሚጠይቅ፣ ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመቱ ፕሮግራም የተመረቁ ኢትዮጵያውያን ያንን በር ዝግ ሆኖ አግኝተውት ነበር።

7. አደረጃጀቱ

ትምህርት ቤቱ በተለምዶ በዲን ይመራል፤ ከሥሩ የትምህርት ክፍሎች አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ናቸው፤ የፋርማሲ ኬሚስትሪና ፋርማኮግኖሲ፣ የፋርማሴውቲክስና ሶሻል ፋርማሲ፣ የፋርማኮሎጂና ክሊኒካል ፋርማሲ። አከፋፈሉ የሙያውን ታሪክ ይከተላል። የመጀመሪያው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ሙከራ ወራሽ ነው። ሁለተኛው የፋብሪካውን ዘመን ሳይንስ ከመድኃኒት አቅርቦት፣ ዋጋና አጠቃቀም ጥናት ጋር ያጣምራል። ሦስተኛው ወደ ሕሙማን አልጋ የተጠጋው ነው።

የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋር በአንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ነው። ሆኖም በማስተማሪያ ሆስፒታሎች በአጠቃላይ ሁለት ዓይነት ፋርማሲስቶች ይገናኛሉ። መምህሩ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ የሚመዘነው በማስተማሩና በሚያሳትመው ጥናት ነው። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ደግሞ ለመድኃኒት አቅርቦት፣ ለእደላና ለክምችት ተጠያቂ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በዋናነት የሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ሐኪሞችን፣ ፋርማሲስቶችንና ነርሶችን ይዞ የሆስፒታሉን የመድኃኒት ዝርዝር ይወስናል፣ የአጠቃቀም መመሪያ ያወጣል፣ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶችን ይከታተላል። የመድኃኒት መረጃ አገልግሎቱም ብዙውን ጊዜ ተማሪ፣ መምህርና የሆስፒታል ባለሙያ አብረው የሚሠሩበት ቦታ ነው።

8. የክሊኒክ አገልግሎቱ አሠራር

የክሊኒካል ፋርማሲስቱ ዋና የሥራ ሰዓት የጠዋቱ ራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞች ሕሙማንን እየዞሩ የሚያዩበት ጊዜ ነው። ተማሪው ከራውንዱ በፊት ቀድሞ ወደ ሕሙማን ክፍሉ (ዋርድ) ገብቶ የሕመምተኛውን ካርድ ያነባል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱንና ነርሶች መድኃኒት የሰጡበትን ቅጽ ያመሳክራል፤ ሕመምተኛውን ወይም አስታማሚውን ቀድሞ ምን ይወስድ እንደነበር ይጠይቃል። የባህል መድኃኒትም ከጥያቄው አይቀርም። ከዚያ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይፈትሻል፤ ለታወቀ ሕመም ነው የታዘዘው? እየሠራ ነው? ደኅና ነው? ሕመምተኛውስ በትክክል እየወሰደው ነው?

አንድ የተለመደ ሁኔታ አሠራሩን ያሳያል። በሩማቲክ የልብ ሕመም የልቧ ቫልቭ የተጎዳና የልብ ምቷ የተዛባ ወጣት ሴት ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች እንበል። ለሌላ ሕመም ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝላታል። ሁለቱም ለየብቻቸው ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪን በጉበት ተሰባብሮ እንዳይወገድ ስለሚያግድ፣ የደም መርጊያ ጊዜዋ በቀናት ውስጥ ረዝሞ ለመድማት ልትጋለጥ ትችላለች። ፋርማሲስቱ ይህን በራውንዱ ያነሳል፤ ሌላ አንቲባዮቲክ መኖሩን፣ ካልተገኘም የዋርፋሪኑ መጠን ቀንሶ ምርመራው ቶሎ ቶሎ እንዲደገም ያሳስባል። የመጨረሻው ውሳኔ የሐኪሙ ሲሆን፣ ሐሳቡ፣ ምክንያቱና ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱ በቅጽ ይመዘገባል። ከመዝገቡ የሚገኘው መረጃ ለሕክምናው ክትትል ካገለገለ በኋላ ለማስተማሪያና ለጥናትም ይውላል።

አገልግሎቱ በአልጋ ብቻ አይወሰንም። የኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳርና የካንሰር ክትትል ክሊኒኮች የየራሳቸውን ጥያቄ ያመጣሉ። ለምሳሌ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው የነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን ሲጀምር የዶሉቴግራቪሩ መጠን በደሙ ውስጥ ስለሚቀንስ፣ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ይህን ማወቅና ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የፋርማሲስቱ ድርሻ ነው።

9. የምርምር ሥራው ዛሬ

በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች ምርምር በሦስት አቅጣጫ ይሄዳል። የመጀመሪያው የባህል መድኃኒት ጥናት ነው። በሕዝቡ ዘንድ ለወባ፣ ለቁስልና ለሆድ ትላትል የሚውሉ ዕፅዋት ተለይተው፣ ጭማቂያቸው ወጥቶ በቤተ ሙከራ ይፈተሻል። ለወባ በሚደረገው የተለመደ ሙከራ አይጦች በአይጥ ወባ ተሕዋስ ተይዘው ለአራት ቀን ጭማቂው ይሰጣቸዋል፤ በአምስተኛው ቀን ከጭራቸው በተወሰደ ደም ውስጥ ያለው የተሕዋሱ ብዛት መድኃኒቱን ካልወሰዱት ጋር ይነጻጸራል። ከዚህ ደረጃ ተነሥቶ ለሰው የሚሆን መድኃኒት ላይ መድረስ ግን ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አብዛኛው ጥናት በአይጥ ሙከራው ላይ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የመድኃኒት ግኝትና የሕክምና ሙከራ ማዕከል የተፈጠረው ይህን ርቀት ለማሳጠር ነው።

ሁለተኛው የጥራት ምርምር ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ጄነሪክ፣ ማለትም በሌላ አምራች የተሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት አቻ፣ በመሆኑ፣ እንክብሉ በስያሜው ልክ መሥራቱን ማረጋገጥ ትልቅ ጉዳይ ነው። በአንዱ መሠረታዊ ምርመራ እንክብሉ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ተጥሎ፣ መቅዘፊያው እየዞረ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት ናሙና ይቀዳል፤ መድኃኒቱ በተወሰነለት ጊዜ ካልሟሟ በሆድ ውስጥም እንደማይሟሟ ይገመታል። ከዚህ የሚልቀው ምርመራ በሰው ላይ የሚደረገው የአቻነት ጥናት ነው። ጤነኛ ፈቃደኞች ጄነሪኩንና የመጀመሪያውን መድኃኒት በየተራ ወስደው በደማቸው ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ይለካል፤ የሁለቱ ንጽጽር፣ ከስሌት ስሕተቱ ወሰን ጋር፣ ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ጥራት ቤተ ሙከራና በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአቻነት ጥናት ማዕከል የዚህ ፍላጎት ውጤቶች ናቸው።

ሦስተኛው ከሕሙማን ክፍል የሚነሣ ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጥናት ለምሳሌ ይጠቀሳል። ፋርማሲስቶች የታዘዙ አንቲባዮቲኮችን እየገመገሙ ለሐኪሞች አስተያየት ሲሰጡ፣ ከታዘዙት ግማሽ ያህሉ አስፈላጊ እንዳልነበሩ ታየ። ግምገማው በተቋረጠበት ወቅት የአንቲባዮቲክ አጠቃቀሙ ከፍ አለ፤ ሕሙማን በሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜና የሟቾች ቁጥርም ጨመረ። አገልግሎቱ መኖሩ ለምን እንደሚጠቅም በኢትዮጵያ ሆስፒታል ውስጥ ያሳየው ራሱ መቋረጡ ነበር።

10. የወቅቱ ድርሻና የቀረው ሥራ

ዛሬ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ለጤና ሥርዓቱ ባለሙያ ከማፍራት ባሻገር መመሪያ ያዘጋጃል፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሙያዊ ምክር ይሰጣል፣ ለአገር ውስጥ አምራቾች የምርመራ አገልግሎት ያቀርባል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚጠይቀውን የጥራትና የደኅንነት ቁጥጥር የሚያስፈጽሙት ባለሙያዎችም በብዛት የሚወጡት ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ነው።

ይሁን እንጂ መሠረታዊው የአደረጃጀት ችግር አልተፈታም። በብዙ ሆስፒታሎች የክሊኒካል ፋርማሲ አገልግሎት ጎልቶ የሚታየው ተማሪዎች ለልምምድ ሲመጡ፣ ወይም አንድ የጥናት ፕሮጀክት ገንዘብ ሲያገኝ ነው። ተማሪው ሲመረቅ ወይም ገንዘቡ ሲያልቅ አገልግሎቱ ይቀዘቅዛል። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት በእደላና በክምችት ሥራ ተጠምዶ ዋርድ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ መምህሩም በዋርድ የሚያሳልፈው ሰዓት በዕድገቱ ምዘና ላይ ከሚያሳትመው ጽሑፍ እኩል አይቆጠርለትም። ላቦራቶሪው የሬጀንት እጥረት ሲገጥመው የመድኃኒት መጠንን በደም ለክቶ ማስተካከልም ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይወጣ ይቀራል።

መፍትሔው ከተቋሙ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ ያደገባቸው ምዕራፎች ሁሉ ቋሚ ቦታ የተዘጋጀላቸው ናቸው፤ ለቤተ ሙከራው ቋሚ ክፍል፣ ለተማሪው ቋሚ ሥርዓተ ትምህርት፣ ለፋርማሲስቱም በሕሙማን ክፍል አጠገብ ቋሚ የሥራ ቦታ። የሕሙማን አገልግሎትም በሆስፒታልና በዩኒቨርሲቲ የጋራ መደብ፣ በጋራ በጀትና በጋራ ምዘና ካልተያዘ የተማሪ ልምምድ ሆኖ ይቀራል። መምህሩ ጠዋት በራውንድ፣ ከሰዓት በቤተ ሙከራ ወይም በመማሪያ ክፍል የሚገኝበት መደብ በደንብ ሲጸድቅ፣ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ሦስቱን ሥራዎቹን አሟልቶ የሚሠራ ተቋም ይሆናል።